ድንቢጧና መስኮቱ

ተረት ተረት፤ የበረደው ጠጋ ይበል!

እማማ አስካለ ጠዋት ጠዋት መስኮታቸውን ከፍተው አንድ እፍኝ ስንዴ ይበትኑላት የነበረች አንዲት ድንቢጥ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ሲበረታ እንደ ሌሎቹ ወፎች ወደ ቆላ አልወረደችም። አንድ ቀን መስኮቱ ሳይከፈት ዋለ። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ሞላ፤ ንፍሮም መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

«እማማ ድግስ ደገሱልን!» አለች ድንቢጧ እየለቀመች።

«ሰዉ ነጠላውን ዘቅዝቆ አታዪውም? የእሳቸው ለቅሶ ነው። ነይ፣ አብረን እንውረድ» አለቻት እስካሁን ያልወረደች አንዲት ርግብ።

«በልቼማ ሳላመሰግን አልሄድም። ጠዋት ሲከፍቱ ነግሬያቸው እከተልሻለሁ።»

ድንኳኑ ተነቀለ፤ ርግብም ሄደች። ድንቢጧ የመስኮቱ ደፍ ላይ ኩርምት ብላ ጠበቀች። ሲነጋ ላባዋ በውርጭ ነጥቶ ነበር፤ መስኮቱም እንደተዘጋ ነው።

ተረቴን መልሱ፣ መስኮታችሁን ክፈቱ።