ጉንጭ በባዘቶ የሚፈተሽበት ግቢ

አንድ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ አቶ ልዑልሰገድ ይባላል። ሠላሳ ፒካፕና ሠላሳ ሹፌር ነበረው። ሥራው የሰውን ዕቃ ለሰው ማድረስ ነው። የቆላውን ማር ለደጋ፣ የከተማውን መድኃኒት ለገጠር ያደርሳል። እሱ ከመምጣቱ በፊት በዚያ አገር ዕቃ የሚላከው በመንገደኛ እጅ ስለነበር፣ ለሠርግ የተላከ ጫማ ሙሽራው ጋ የሚደርሰው የበኩር ልጁ ክርስትና ሲነሳ ነበር። እሱ ከመጣ በኋላ ግን ጠዋት የተሰጠ ዕቃ ከምሳ በፊት ይደርስ ጀመር።

አንድ ቀን ነጋዴው ለጉዳይ ወደ ትልቅ ከተማ ሄደና አንድ መሥሪያ ቤት ገባ። የዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ተላጭተው ተላጭተው ጉንጫቸው መስተዋት ሆኗል። ነጋዴው ከመካከላቸው በአንዱ ፊት ላይ የገዛ ክራቫቱን አይቶ አስተካከለ። እንደ ተደነቀ አገሩ ገባና በነጋታው ሹፌሮቹን ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጢም ያለው ሹፌር መኪና አይነካም!» ብሎ ደንብ አወጣ።

ደንቡን የሚያስከብር ቆጣጣሪም ቀጠረ። ቆጣጣሪው ማለዳ በሩ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ሹፌር ጉንጭ በባዘቶ ጥጥ ያብሳል። ጥጡ ሳይያዝ ካለፈ ሹፌሩ ወደ መኪናው ያልፋል፤ አንዲት ጭረት ጥጥ ጉንጩ ላይ ከቀረች ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቆጣጣሪው ሥራውን ከመውደዱ የተነሣ ከጉንጭ ቀና ብሎ የማንንም ዓይን አይቶ አያውቅም። የዘበኛው ፍየል እንኳ በጢሟ ምክንያት ሦስት ቀን ከበር ተመልሳለች። በአራተኛው ቀን ተላጭታ ገባች የሚሉም አሉ፤ እኔ ማጋነን ስለማልወድ፣ ተመልሳለች ብቻ ብዬ ልለፈው።

በየፒካፑ በር ላይም በትልልቅ ፊደል «ጉንጩ የጸዳ፣ እጁ የታመነ» ተብሎ ተጻፈ። ሕዝቡ አነበበ፤ አነበበና አመነ።

ከሠላሳዎቹ ሹፌሮች አንዱ እርገጤ ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጉንዳን አምባ ወደሚባለው ተራራ ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ያ መንገድ ጠመዝማዛ ከመሆኑ የተነሣ መኪናው ሲታጠፍ ሹፌሩ የራሱን ታርጋ ማንበብ ይችላል። እርገጤ በዚህ መንገድ እንቁላል ሲጭን ከዶሮዋ ይልቅ ይጠነቀቅ ነበር። አንድ ጊዜ ከስልሳ እንቁላል ሁለቱ መንገድ ላይ ተፈለፈሉበት እንጂ አንድም አልተሰበረበትም። ደንቡ ከወጣ ወዲህም ባዘቶውን በየማለዳው ቀድሞ የሚያልፈው እሱ ነበር።

አንድ ሰኞ እርገጤ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀ። ቆጣጣሪው መዝግቦ ሰጠው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። በአራተኛው ቀን እርገጤ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ሳይላጭ መጣ። ቆጣጣሪው ባዘቶውን ቢያሳርፍበት ጥጡ በሙሉ ጉንጩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ተመለስ!» አለው።

«ሐዘን ላይ ነኝ ወንድሜ።»

«ደንቡ ውስጥ ሐዘን የሚል አላየሁም። ከፈለግህ ለአለቃ ንገር።»

በዚያ አገር የቅርብ ሰው የሞተበት ወንድ አርባው እስኪወጣ ድረስ አይላጭም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል፤ ነጋዴውም ያውቀዋል፣ አባቱ ሲሞት እሱም ጢሙን አሳድጎ ነበር። እርገጤ ይህን ተስፋ አድርጎ ወደ ቢሮው ገባ። ነጋዴው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ወረቀት እያነበበ ነበር።

«ጋሼ፣ አርባው እስኪወጣ ይታገሡኝ። የቀረው ሠላሳ ስድስት ቀን ነው።»

ነጋዴው ከወረቀቱ ላይ የሹፌሩን ስም ፈልጎ አገኘና፣ «ስማ እርገጤ» አለ፤ «ሐዘን በልብ ነው እንጂ በጉንጭ አይደለም።»

«በልቤማ አለ ጋሼ። ሞልቶ ነው ጉንጬ ላይ የወጣው።»

«ለአንተ ከፈቀድኩ እኮ ነገ የሠላሳው ሹፌር አክስት በአንድ ሌሊት ያልቃል! አጎት የሌለው ሁሉ አጎት ይሞትበታል!»

«የሞተችብኝ አክስቴ አይደለችም።»

ነጋዴው ታዲያ ማን ናት ብሎ አልጠየቀም። «ወይ ተላጭ፣ ወይ ቁልፉን አስቀምጥ» አለ።

እርገጤ ሌላ ሙያ የለውም፤ እጁ የሚያውቀው መሪ ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ሦስት ልጆች አሉት። ቢሆንም ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ነጋዴው ወረቀቱን ለማንበብ ቁልፉን ገፋ አደረገው።

ከግቢው በር ማዶ፣ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር፣ ብዙ ቀን ተቀምጦ ይህን ግቢ የሚያጠና አንድ ሌባ ነበር። በዚህ ግቢ ስም እንደማይጠየቅ፣ አገር እንደማይጠየቅ፣ የሚጠየቀው ጉንጭ ብቻ እንደሆነ ተገንዝቧል። እርገጤ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ባየ ጊዜ ተነሣና በቀጥታ ወደ ጸጉር አስተካካይ ሄደ።

«እንደ ብርጭቆ አድርገኝ» አለው።

ጸጉር አስተካካዩ ሦስት ጊዜ ላጨው። ሌባው ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ ዝንብ ጉንጩ ላይ ሊያርፍ ሞክሮ አዳልጦት ወደቀ። እንግዲህ ዝንብ ያዳለጠ ጉንጭ ባዘቶ ይይዛል ተብሎ አይጠበቅም። ሌባው በማግስቱ ካኪ ለብሶ ከሹፌሮቹ ጋር ተሰለፈ። ጥጡ በጉንጩ ላይ ሽው ብሎ አለፈ። ቆጣጣሪው ሁለተኛ አበሰው፤ ደስ ስላለው ሦስተኛም አበሰው።

«ኑ እዩ!» ብሎ ወደ ሰልፉ ጮኸ። «ሹፌር ማለት ይኸ ነው! እናንተ ከዚህ ተማሩ!»

ከሰልፉ መሐል አንድ ሹፌር፣ «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና፣ ቆጣጣሪው የእሱን ጉንጭ ደግሞ እንዳያብሰው ፈርቶ ዘጋው። ሌባው ያለ ሹፌር የቀረውን የእርገጤን ፒካፕ ቁልፍ ከቆጣጣሪው ተቀበለ። ማሩንና መድኃኒቱን ቆጣጣሪው ራሱ ጫነለት።

ሌባው ጉንዳን አምባ ሲደርስ እማማ ትርንጎ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። ታች ከተማ የምትኖር የልጅ ልጃቸው እሑድ ልትዳር ነው። የሙሽራ ቀሚሷን ፈትል አንድ ዓመት ሙሉ በእጃቸው ፈትለው፣ አሸምነውና አስጠልፈው፣ በነጠላ ጠቅልለው እርገጤን ሲጠብቁ ሰንብተዋል።

«እርገጤስ የት ሄደ?» አሉ።

«ጢም አብቅሎ ተባረረ እማማ።»

«ውይ! እርገጤ? እንዲያ ያለ ሰው ምን ነካው?» አሉና አይተው አይተው፣ «አንተን ግን አላውቅህም። እስቲ ጎንበስ በል ልጄ።»

ከሚፈትሉት ባዘቶ ቆንጥረው ጉንጩን ጠረጉት። ምንም አልያዘም። ያኛውንም ጠረጉት።

«የሕፃን ቂጥ ነው እኮ የሚመስለው!» አሉ እየሳቁ። «እንካ። አደራ፣ እሑድ ናት ሠርጓ።»

«ደርሷል በሉት እማማ» አለ ሌባው።

ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ፒካፕ ያየ የለም። ማሩም መድኃኒቱም ቀሚሱም አብረውት ሄዱ። ሙሽሪት በጎረቤት ቀሚስ ተዳረች። ጎረቤቷ አጭር ስለነበረች ሙሽሪት ቀሚሱ መሬት እንዲደርስላት ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ዋለች። እንግዶቹ «እንዴት ያለች አንገተ ሰባራ ሙሽራ ናት!» እያሉ አደነቁ። እማማ ትርንጎ ግን ከሠርጉ ተመልሰው ሦስት ቀን አልፈተሉም።

ወሬው ከጉንዳን አምባ ወርዶ በየገበያው ተሠራጨ። ከዚያ ወዲህ ጉንጩ የሚያብረቀርቅ ሰው ደጃፍ ላይ ሲቆም ሰዉ በሩን ይዘጋ ጀመር። ሹፌሮቹ ባዶ መኪና ይዘው ይወጣሉ፣ ባዶ መኪና ይዘው ይመለሳሉ። ወር ሳይሞላ ሃያ ዘጠኙ ፒካፕ ግቢው ውስጥ ተገተረ። ከጎማዎቹ ሥር ጎመን በቀለ፤ ቆጣጣሪውም ከሥራ መፍታት የተነሣ የጎመኑን ቅጠል በባዘቶ ያብስ ነበር።

ነጋዴው ሰዉን ሊያግባባ ራሱ ጉንዳን አምባ ወጣ። እማማ ትርንጎ በገበያው መሐል አገኙት።

«ጉንጭ እዩ አልከን፣ አየን» አሉት። «አሁን ደግሞ ምን እዩ ልትለን መጣህ?»

«እናቴ፣ ከእንግዲህ ጠንቃቃ ሹፌር ነው የምልክላችሁ።»

«እርገጤን ላክ! እሱ ካልመጣ መርፌ አልሰጥህም። ጢሙ መሬት ቢጠርግ፣ ጎፈር ቢያወጣ ምን አገባኝ? አሥራ አንድ ዓመት ዕቃዬን ያደረሰው እጁ ነው።»

ገበያተኛው ሁሉ «እውነት ነው!» አለ። ነጋዴውም የእርገጤን ቤት እየጠየቀ ሄደ።

ሲደርስ ደጁ ላይ ጎረቤቶች ድንኳን ያፈርሳሉ። አንድ ጉንጩ የተላጨ ሰው አግዳሚ ወንበሮች እየተሸከመ ያወጣል።

«አንተ፣ እርገጤን ጥራልኝ» አለው ነጋዴው።

«ምን ሊያደርጉት ፈለጉት?»

«ሥራው ላይ ልመልሰው ነው። ያንን ጢማሙን ነው የምልህ። ከነጢሙ ይምጣ፣ ፈቅጃለሁ።»

«ከነጢሙ እንኳ አይመጣም። አርባው ዛሬ ስለወጣ ተላጭቷል።»

«እንግዲያው ተላጭቶም ቢሆን ይምጣ! ወዴት ነው ያለው?»

ሰውየው የተሸከመውን አግዳሚ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለ።

ነጋዴው ፊቱን አየው። አሥራ አንድ ዓመት በየማለዳው በግቢው በር ያለፈ ፊት ነው። በጢም ያየው አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም ወረቀት እያነበበ ነበር። ስለተገተሩት ፒካፖች ሊነግረው ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ጠፋበት። ከሠላሳ ስድስት ቀን በፊት ሊጠይቅ የሚገባውን ጠየቀ።

«ማን ነበረች የሞተችብህ?»

«እህቴ ናት፣ ታላቄ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ነበረች። ጢሜ ሲበቅል የመጀመሪያውን ምላጭ የገዛችልኝም እሷ ናት። ጢም አትወድም ነበር፤ በየጊዜው ‹ተላጭና ሰው ምሰል› ትለኝ ነበር።» እርገጤ የተላጨ ጉንጩን በመዳፉ ዳሰሰ። «ብትኖር ኖሮ ደንብዎን ከሁላችን ይልቅ የምትወደው እሷ ነበረች ጋሼ።»

ነጋዴው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «እግዜር ያጽናህ» አለ። ድንኳኑን የሚያፈርሱት ጎረቤቶች አንድ ለቅሶ ደራሽ መምጣቱን ሲያዩ፣ የቀረችውን አንዲት ማዕዘን ሳይነቅሉ ቆሙ። ነጋዴው ከዚያች ቁራጭ ጥላ ሥር፣ ሲለማመጡት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ፣ እስኪመሽ ተቀመጠ። ሲነሣ የራሱን መኪና ቁልፍ ለእርገጤ ሰጠው። እርገጤ ቁልፉን ተቀበለ፤ ልጆች አሉታ።

ወዳጆቼ፣ ከዚህ ታሪክ ጢም ደግ ነው፣ መላጨት ክፉ ነው የሚል ትምህርት የሚያወጣ ካለ እንደ ቆጣጣሪው ጉንጭ ላይ ቀርቷል። መላጨት ደግ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ሰው ፊት መቅረብም ደግ ነው። ክፋቱ ግን ሰውን ለማወቅ ያወጣነው መለኪያ ሰውዬውን ከማየት ሲያሳርፈን ነው። በባዘቶ የሚለካ ነገር ሌባም ያሟላዋል፤ እንዲያውም ሌላ ሥራ ስለሌለው ከሁሉ አሳምሮ ያሟላዋል። ታማኝነት ግን ጊዜ ወስደን ካላየነው በምንም አይታወቅም። ሐዘንም እንዲሁ ነው፤ ካልጠየቁት አይናገርም።

አሁን ደግሞ እናንተን ልጠይቅ። ከጎናችሁ የሚሠራው ሰው ዘግይቶ ሲመጣ ሰዓቱን ታውቃላችሁ፤ ሸሚዙ ሲጨማደድም ታያላችሁ። በዚህ ዓመት ማንን እንደቀበረስ ታውቃላችሁ?