ሰባት ጊዜ የተገደለው ቅጠል

አንድ ጊዜ፣ ሰማዩ ዝናብን ጨርሶ የረሳ በመሰለበት ዘመን፣ የአራዊት ንጉሥ አያ አንበሶ ታሞ በዋሻው ተኛ። በደጁ የሚታየው አቧራ ብቻ ነበርና «ምነው አንድ ለምለም ነገር እያየሁ በከረምኩ!» ብሎ ተመኘ።

እመት አህዪት ከእናቷ የወረሰችውን ተክል በገል አምጥታ አኖረችለት። አንድ ረጅም ቅጠል ብቻ ነው፤ እንደ ጎራዴ ቀጥ ያለ፣ እንደ እባብ ቆዳ የተዥጎረጎረ። በወር አንድ ጉንጭ ውኃ ይበቃዋል። አያ አንበሶም ደስ ብሎት «ይህ ተክል በሕይወት እስካለ ድረስ አህያን የሚነካ ወዮለት!» ሲል አወጀ።

አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ ምራቁን ዋጠ። በማግስቱ ንጉሡ ሲያንቀላፋ ገባና ሥሩን ነቅሎ ገደል ሰደደው። «ቅጠሉንም ሰባት ጊዜ ልግደለው» ብሎ በጥርሱ ሰባት ቦታ ቆራርጦት ወጣ።

እመት አህዪት መጥታ ቁርጥራጩን ከመሬት ለቃቀመች። አያ ጅቦም ምንም እንደማያውቅ ሆኖ ከች አለ። «አይ የኔ እመቤት! ተክልሽ ሞተ አሉ። እንግዲህ ነይ፣ እንሂድ።»

«ቀስ በል እንጂ አያ ጅቦ!» አለች ንጉሡን ልትጠይቅ የመጣችው እመት ቀበሮ። «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነው። መሞቱ እስከ ክረምት ይጣራ፤ አንተው ራስህ ጠብቀው።»

ንጉሡም ፈቀደ።

እመት አህዪት «ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር አታልብሺው» የሚለው የእናቷ ምክር ትዝ አላት። ቁርጥራጮቹን አራት ቀን ጥላ ሥር አስተኛቻቸው። ከዚያ በሥር በኩል የነበረውን ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጋ አሸዋማ አፈር ውስጥ ተከለቻቸው። አንድ ወር አለፈ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውም አለፈ። አያ ጅቦ እያዛጋ ጭኗን ጭኗን ያያል፤ እሷ ፍርሃት ሊገድላት ደረሰ።

በሦስተኛው ወር ሰማዩ አጉረመረመ፤ አራዊቱም ፍርዱን ሊያዩ በዋሻው ተሰበሰቡ። «ክረምት ገባ! ይኸው ሬሳው!» ብሎ አያ ጅቦ አንዱን ቁራጭ መዝዞ አወጣ።

እጁ ባየር ላይ ቀረ። ከቁራጩ ግርጌ ነጫጭ ሥሮች ተንጠልጥለዋል፤ በመካከላቸውም የጥፍር ያህል አረንጓዴ ቡቃያ አለ። ሁሉም ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ በቀሩት በስድስቱም አጠገብ አፈሩ ተሰንጥቆ ቡቃያ ብቅ ብሏል። እመት አህዪት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አያ አንበሶ ከሦስት ወር ሕመም በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ቆመ።

አያ ጅቦ በመደነቁ ሆዱንም ራሱንም ረሳ። «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ሰባት ጊዜ ገደልኩት፣ ሰባት ሆኖ ተነሣ!»

አራዊቱ ሁሉ ዞረው አዩት። ያኔ ነው የተናገረው የገባው፤ እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ ከላይ ዝም ያለ ሁሉ የሞተ እንዳልሆነና ክፉ ሰው ሊያጠፋ የቆራረጠው ጭምር ቁስሉ እስኪደርቅ ለታገሠ እንደሚበዛለት ነው።