ጀርባ ለግድግዳ

በዚያ ግቢ ሥርዓት ነበረ፤ አልነበረም የሚል የለም። መጀመሪያ አውራው ይበላል፤ ቀጥሎ ወዳጁ ቀይት ትበላለች፤ የተረፈውን ጥሬ ሌሎቹ ዶሮዎች እንደየጉልበታቸው ይለቅማሉ። ቦታው ጠባብ ነው። የሚጫር አፈር ካለቀ ቆይቷል። እግር ሥራ ሲፈታ ምንቃር ሥራ ይፈልጋል፤ ቀይት የሌሎቹን ላባ መንጨት የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው።

ደም መታየት ሲጀምር አውራው አዋጅ አወጣ፦ «ደም ዓይን ይስባል። ሰላም የምትወድ ሁሉ ጀርባዋን ለግድግዳ ትስጥ።»

አዋጁ ሠራ። ዶሮዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ይውሉ ጀመር። መሐል ግቢ የተበተነውን ጥሬ ቀይት ብቻዋን ትለቅመዋለች። ጠብ ግን አልነበረም።

ከተነጩት አንዷ ገብስማ መጀመሪያ ላይ ያማት ነበር፤ ኋላ ሕመሙም ተዋት። የቀራት ረሃብ ነው። በዚህ ከቀጠለ የክረምቱን መውጫ እንደማታይ ታውቃለች።

«እትዬ ወሰራ፣» አለች አንድ ማለዳ አጠገቧ ለቆመችው አሮጊት ዶሮ፣ «አንቺንም ነጭታሻለች?»

«ዝም በይ እባክሽ። ግድግዳም ጆሮ አለው።»

«ግድግዳውማ ጀርባሽን ከኔ ይልቅ ያውቀዋል።»

«ምላሰኛ!»

«ከምላሴ በቀር ምን ተረፈኝ?»

ወሰራ ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁላችንንም ነጭታናለች። ብቻዬን ነኝ ብለሽ ነበር?»

ገብስማ እንደዚያ ብላ ነበር።

ተማከሩ። ገብስማ በጉባኤ ወጥታ ቁስሏን ታሳያለች፤ ወሰራ ትከተላለች፤ ሁለቱ ከዞሩ ሌሎቹም ይዞራሉ። የሚጠይቁት ትንሽ ነገር ነው፦ ቀይት ላይ ለጥቂት ቀን ቅርጫት ይደፋ። ተለይታ ስትመለስ እንግዳ ትሆናለች፤ እንግዳ ደግሞ ማንንም አይነጭም።

በጉባኤው ቀን አውራው ድንጋዩ ላይ ወጥቶ «አቤቱታ ያላት አለች?» ሲል ገብስማ ወደ መሐል ሄደች።

«ይቺን እዩልኝ! ላባ የላት፣ አቤቱታ አላት፣» አለች ቀይት ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

«ላባዬን እመቤቲቱ ታውቃለች፣» አለች ገብስማ። «ጌታዬ፣ ለጥቂት ቀን ቅርጫት ይደፋባት። ሐሰት ከተናገርሁ ሁሉም ይዙሩና ጀርባቸው ይታይ።»

ብላ ዞረች። ከግድግዳው ስትላቀቅ ቁስሏ ተገልጦ ኖሮ ደሙ ትኩስ ነበር።

ማንም አልተነቃነቀም። ቆይቶ ወሰራ ከግድግዳው ተለየች። ቃሏን ጠበቀች፣ አለች ገብስማ በልቧ። ወሰራ ቀረበች፤ ደሙን አየች፤ ጥቂት ቆማ አየችውና ነቆረችው።

«ምነው እትዬ?»

«እኔ እንጃ ልጄ፣» አለች ወሰራ ምንቃሯን መሬት ላይ እየጠረገች። «እኔ እንጃ።»

«ሁላችሁም አያችሁ፣» አለ አውራው። «ቀይት ከቦታዋ አልተነሳችም።»

ጉባኤው ይህን ሊክድ አልቻለም፤ እውነት ነበርና።

ወሰራ አሁንም መሐል ግቢ ቆማለች። ጀርባዋ እስከ ጭራዋ ድረስ የተላጠ ነው። ከኋላዋ ያሉት ዶሮዎች አንገታቸውን አንድ በአንድ ሰገግ አደረጉ። እሷ አላወቀችም። ገብስማ ግን አየች። ልትናገር ምንቃሯን ከፈተች፤ መልሳም ገጠመችው።

ወሰራ የለቀቀችው ቦታ ባዶ ነበር። ገብስማ ቀስ ብላ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችው። ግድግዳው ገና ሙቀት ነበረው።