የሸማኔው ልጆች በቀል

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ አድማሱ የሚባል ሸማኔ ነበር። እጁ ደህና ሳለ የከተማው ሰው ሁሉ እሱ የሠራውን ነበር የሚለብሰው። ኋላ እጁን መንቀጥቀጥ ያዘውና ሥራው ቆመ፤ ቤቱም ተራበ።

በከተማዋ ችግረኛ የሚረዳ ማኅበር ነበር። ሊቀመንበሩ ጓንጉል ያለ ደመወዝ የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ጉልበቱን አይሰስትም። ግን መስጠቱን ሰው ሁሉ ካላየለት እንቅልፍ አይወስደውም። በእርዳታው ቀን ገበያ መሀል ሜጋፎን ይዞ ቆመ። «አድማሱ ወልዴ፣ ሁለት ቁና ማሽላ። ና ተቀበል፤ ለለጋሾችህም እጅ ንሳ» አለ።

አድማሱ ወጥቶ ተቀበለ፤ እጅም ነሳ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ከቤቱ አልወጣም። ክረምቱ ሳያልቅ ሞተ።

ሚስቱ ወይዘሮ ብዙአየሁ ባሏ በመጨረሻ የሠራውን ጋቢ ከሳጥን አውጥታ ለሦስቱ ልጆቿ አሳየቻቸው። «የአባታችሁን ውርደት የተበቀለ ይለብሰዋል» አለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሦስቱም ማሉ።

ታላቋ ትርንጎ ጓንጉልን የጠላችው ሰድባ በሚወጣላት ጥላቻ አልነበረም። ማኅበሩን ከእጁ ልትነጥቅ ተነሳች። በአንድ በር ገብተው በሌላው የሚወጡበት ጎተራ አሠራች። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ የፈለገ ሁሉ አፉ የታሰረ ማዳበሪያ ተሸክሞ ይመጣል። ለጋሹ እህል ይዞ ገብቶ ይገለብጥና ገለባ ሞልቶ ይወጣል። ችግረኛው ገለባ ይዞ ገብቶ እህል ሞልቶ ይወጣል። ሁሉም ሙሉ ገብቶ ሙሉ ይወጣል፤ ገለባ የተሸከመውም እህል እንደተሸከመ ያቃስታል። ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ የምታውቀው መግቢያው ላይ ሆና ሸክም የምታወርደው ትርንጎ ብቻ ነበረች። ላትናገር ምላለች።

መካከለኛው ይትባረክ በየነጋዴውና በየሹፌሩ ደጅ እየዞረ እህል ይለምናል። ታናሹ ማንያዘዋል መውጫው ላይ ቆሞ ተራ ያስከብራል። ሰዉም ሜጋፎኑን ትቶ ወደ ጎተራው ጎረፈ፤ የጓንጉል ማኅበር ፈረሰ።

ዓመታት አልፈው ጓንጉልን ቀን ጣለው። ከብቱ አለቀ፣ ልጆቹም ተበተኑ። አንድ ቅዳሜ እያቃሰተ ማዳበሪያ ተሸክሞ መጣ። ትርንጎ ብታወርድለት እንደ ላባ የቀለለ ገለባ ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ይግቡ ጋሽ ጓንጉል» አለችው፤ «ሁለት ቁና ይበቃዎታል።»

አንገቱን ደፍቶ ገባ። ትርንጎ ያን ቀን ደስታው ደረቷን ሞላው። ቤት ስትገባም አፏን መያዝ አቃታት፤ ለወንድሞቿ ነገረቻቸው። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይኼ ነው።

በሚቀጥለው ወር ጓንጉል በመውጫው በር ብቅ ሲል ይትባረክ ሜጋፎን ይዞ ጠበቀው። «ጓንጉል ይመር፣ ሁለት ቁና ማሽላ። ለለጋሾችህ እጅ ንሳ» አለ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። የሽማግሌው ማዳበሪያ ከትከሻው ወደቀ።

ያን ጊዜ ማንያዘዋል ማዳበሪያውን አንስቶ ተሸከመው። «ወንድሜ ተሳስቷል፤ ተቀባዩ እኔ ነኝ። ጋሽ ጓንጉል ያገዙኝ ነው» አለ በሰው ሁሉ ፊት። እህሉን እስከ ጓንጉል ቤት አደረሰለትና በሩ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያተረፍኩዎት አዝኜልዎት አይደለም። ለአባቴ እንዲህ ብሎ የሚሸከምለት ሰው አልነበረም፤ እስኪሞቱ ድረስ ያስቡት» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓንጉል በየማለዳው እየመጣ የማንያዘዋልን ደጅ ይጠርጋል። ተው ቢሉትም አይተውም።

በወሩ ትርንጎ መግቢያው ላይ ተቀምጣ እስከ ምሳ ጠበቀች። የመጡት ሦስት ለጋሾች ብቻ ነበሩ። የአራት ልጆች እናት የሆነችውን ጎረቤቷን ሄዳ ብትጠራት፣ «ዛሬ ስሙ የተጠራው የጓንጉል ነው፤ ነገ የኔ ነው፤ ቢርበኝ ይሻለኛል» ብላ በሯን ዘጋችባት።

ወይዘሮ ብዙአየሁ ጋቢውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ልጆቿን ሰበሰበች።

ይትባረክ፣ «አባቴ የጠጣውን ጽዋ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

ማንያዘዋል፣ «አንተ ያዋረድከው አንድ ቀን ነው። እኔ ያሸከምኩት ውለታ ግን እስከ መቃብሩ ይከተለዋል» አለ።

ትርንጎ፣ «ማኅበሩን የነጠቅኩት፣ ደጄ ድረስ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እናንተ የወጋችሁት እኔ አስሬ ያቆምኩትን ነው» አለች። ሜጋፎኑ ሲጮህ እሷም ፈገግ ብላ እንደነበረ ግን ለእናቷ አልነገረቻትም።

እናትየው ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው፤ ጋቢውን አንስታ ቆመች፤ እጇ ግን ወደ ማንም አልተዘረጋም። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ጋቢውን በማን ትከሻ ላይ ትጥሉታላችሁ?