በአንድ ቀን የደረቀው ቅጠል

አንድ ቀን ማኅደር የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የቤታቸውን ፎቶግራፎች ስታገላብጥ፣ ዓይኗ ብቻ የቀረ አንዲት ከሲታ ሕፃን አየችና «እማዬ፣ ይህቺ ማን ናት?» ብላ እናቷን ጠየቀች።

«አንቺ ነሽ።»

«ምን ሆኜ ነው?»

«አሞሽ ነበር» አለች እናቷ ብርዛፍ፤ ፎቶውንም ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችው።

ዓመታት አለፉ። ያቺ ከሲታ ሕፃን አድጋ፣ ተምራ፣ የእህል በሽታ በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ተቀጠረች። ብርዛፍ ደግሞ በዚያው ቤት፣ ልጇ ገና በጀርባዋ ከምትታዘልበት ዘመን ጀምሮ ጠርሙስ አጣቢ ነበረች። ትምህርቷን ስድስተኛ ክፍል ላይ ብታቆምም፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እያጠበች የሰማችውን ያህል ታውቃለች። የቅጠል ሕዋስ ጉብታና ስርጉዱ ሳይቀር ቅርጹ ጥርት ብሎ የሚታየው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። መሣሪያው ግን ውስጡ አየር የሌለበት በመሆኑ እርጥብ ነገር አይቀበልም። ስለዚህ ቅጠሉ ውሃውን መተው አለበት፤ የሚተወውም በአንዴ አይደለም። መጀመሪያ ቀጭን አልኮል ውስጥ፣ ከዚያ ጠንከር ያለው ውስጥ፣ ከዚያም ይበልጥ የበረታው ውስጥ እየቆየ፣ በሦስት ቀን ስድስት ጠርሙስ ያልፋል። በመጨረሻ ስስ ወርቅ ይለብሳል። ብርዛፍ ይህን መጀመሪያ የሰማች ዕለት «እኛ ለጣታችን ያጣነውን ለቅጠል?» ብላ መሥሪያ ቤቱን አስቃለች።

ከዕለታት በአንዱ አባባ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከአያታቸው የወረሱትን ነጭ ገብስ ከነሥሩ በባልዲ አፈር ተክለው ይዘው መጡ። ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ወጥቶበት ነበር። የሕዋሱ ቅርጽ ደህና ከሆነ ውርጭ የመታው ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ከተበላሸ ግን ታሟል ማለት ነውና ዘሩም ማሳውም ይቃጠላል። ሽማግሌው ከባልዲያቸው አጠገብ፣ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ውጤቱን ይጠብቁ ጀመር። ብርዛፍ ስታልፍ «ገብሴን ሐኪም ቤት አስተኝቼ ጠያቂ ሆኜልሻለሁ፣ ልጄ» ይሏታል።

ቅጠሉን የመረመረችው ማኅደር ናት። ሕዋሶቹ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ተጨማድደው አገኘቻቸው። «ታሟል» ብላ ጻፈች፤ ወረቀቱንም በማግስቱ ለአለቃዋ ልትሰጥ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በዚያ ሰሞን ግን ወደ ብርዛፍ ገንዳ የመጡት የማኅደር ጠርሙሶች ሁለት ብቻ ነበሩ።

ከሥራ ሲወጡ እናትና ልጅ እንደ ወትሯቸው አብረው በእግራቸው ወደ ቤት አቀኑ።

«ማሂ፣ ሁለት ጠርሙስ ነው ያጠብኩልሽ።»

«ታዲያ ደስ አይልሽም? እጅሽን አሳረፍኩት።»

«አራቱስ የት ሄዱ?»

ማኅደር ፊቷን አዞረች። «የማሽኑ ተራ የሚደርሰኝ በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ እማዬ። እንዳያልፈኝ የሦስቱን ቀን ሥራ በአንድ ቀን ጨረስኩት። ሕዋሱ ተጨማድዷል፤ ታሟል ብዬ ጽፌያለሁ። ደግሞ አንቺ ጠርሙስሽን እጠቢ፤ ስለ ሕዋስ ምን አገባሽ?»

ብርዛፍ አልተቀየመችም። በዚሁ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሳለች። ልጅቷ ዝናብ ባቆረው ውሃ ሁሉ ካልገባሁ እያለች እጇን ስትጎትት፣ ደክሟት ትከሻዋ ላይ ስትተኛ፣ የሕፃን ትንፋሿ አንገቷን ሲያሞቃት ትዝ አላት። ያ ዘመን መቼ እንዳለፈ እንኳ አላወቀችውም።

«ያንን ፎቶ ታስታውሻለሽ?» አለች በመጨረሻ። «አሞሽ ነበር ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ይህ ሥራ ሲገኝ ሰኞ ግቢ አሉኝ፤ እሑድ ጡት አስጣልኩሽ። እናቴ ቀስ በቀስ ነው ብላኝ ነበር። እኔ ጡቴን መራራ ሬት ቀብቼ በአንድ ቀን ቆረጥኩት። እህል እምቢ አልሽ፤ ትሟሽሺ ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ሲፈጥራትም በሽተኛ ናት፣ አታድግም› ሲል እኔ ዝም አልኩ። ጥፋቱ አንቺ ላይ አልነበረም፣ ልጄ። የእኔ ጥድፊያ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ መልሰሽ ፋፋሽ። የአባባ ይመር ገብስ ግን አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም።»

ማኅደር መንገዱ ላይ ቆመች። «ገብሱ ጤነኛ ነው እያልሽኝ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ታሞም ይሆናል። ግን በአንድ ቀን የደረቀ ቅጠልም ይጨማደዳል፤ ያየሽው በሽታውን ይሁን ጥድፊያሽን በምን ለየሽው?»

ማኅደር ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ሥራ ከጀመርኩ ገና አራት ወር ነው፤ አለቃዬ ምን ይለኛል?» አለች።

«ይቆጣሻል።»

«ቢያባርረኝስ?»

«ከእኔ ጋር ጠርሙስ ታጥቢያለሻ።»

ማኅደር ሳትፈልግ ሳቋ መጣ። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ለሁለት ቀደደችው።

አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ መልካም ነው፤ በችኮላ ያዘጋጁትን ሲያጎላ ግን የሚያጎላው ችኮላውን ነው። እኛም የጎረቤታችንን፣ የምራታችንን፣ የገዛ ልጃችንን መጨማደድ አጉልተን አይተን «በቃ፣ ተፈጥሮው ነው» ብለን የዘጋነው ጉዳይ ብዙ ነው። ሁሉን የሚያይ አምላክ እንኳ ለመፍረድ አይቸኩልም። እስቲ እናንተም በሰው ላይ መጨማደድ ስታዩ፣ የእሱ ነው ወይስ እኛ ስንይዘው ያመጣነው ብላችሁ ጠይቁ።

በማግስቱ ጠዋት ማኅደር ጥፋቷን ልትናገር ወደ አለቃዋ ቢሮ ስትገባ፣ ብርዛፍ ወደ ሽማግሌው ሄደች። «አባባ፣ ውጤቱ ገና ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ሌላ ቅጠል ይስጡን» አለቻቸው። እሳቸውም ባልዲያቸው ላይ ጎንበስ ብለው ነጠብጣብ ያለበት አንድ ለጋ ቅጠል ቆረጡላት። ውሃ ባለበት ብርጭቆ አድርጋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ከፀሐይ ጋረደችው። የሥራ መግቢያው ደወል ሲደወል ሌሎቹ ሠራተኞች አልፈዋት ሮጡ። ብርዛፍ ግን ውሃው ሳይነቃነቅ፣ እርምጃዋን ሳትለውጥ ወደ ውስጥ ገባች።