የሰባተኛው ገጽ ቲዎረም የማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ ከከተማ ወጣ ብሎ በተሠራ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ግትር ልማድ ነበረው። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሴሚናር ይካሄዳል፤ በሩ ይዘጋል። እጁን የሚያወጣ ጠያቂ እስካለ ድረስ አቅራቢው አይቀመጥም። አዲስ ነገር ከተገኘ ደግሞ ሰብሳቢው ቲዎረሙን፣ ማለትም የተረጋገጠውን የሒሳብ እውነት፣ እና የባለቤቱን ስም በመዝገብ ጽፎ እስኪፈርም ማንም አይወጣም። የሚጻፈው ስም አንድ ብቻ ነው። የሒሳብ ሰዎች ሁሉን ነገር ያካፍላሉ፤ ክብር ሲሆን ግን ማካፈሉ ይጠፋባቸዋል።

የዚያ ዓመት ሰብሳቢ ዶክተር አልጋነሽ ነበሩ። ዲኑ ለትምህርት ክፍሉ አንድ የዶክትሬት ቦታ ሰጥተው፣ «ሐሙስ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረው ይሂድ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስም ካልመጣልኝ ቦታውን ለፊዚክስ እሰጠዋለሁ» ብለዋቸዋል። ያንን ቦታ ሦስት ወጣት መምህራን አራት ዓመት ጠብቀውታል።

አንደኛው መኳንንት ነው። በከተማው ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነበር። ሰው ሲያማርር እሱ ይቆጥራል፤ የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን እንዳገኘ ሁለት ዓመት መዘገበ፣ ሦስት ሺህ ዓይነት የቧንቧ መስመር በኮምፒውተር ሞከረ። ከዚያም ሴሚናር ላይ ቆሞ፣ «ፈረቃው እንዴትም ቢዞር፣ አንድ ሰፈር ውኃውን ከሚከፍቱና ከሚዘጉት ቫልቮች ቁጥር ለበለጠ ቀን ውኃ አያጣም» አለ።

«ማረጋገጫውስ?» ተባለ።

«የለኝም። ግን እውነት ነው።»

ተሳቀበት።

ያልሳቀችው ሁለተኛዋ፣ የአልጋነሽ የቀድሞ ተማሪ ውብርስት ናት። ጥያቄውን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ሠርግም ልደትም ቀረባትና በዓመት ተመንፈቅ አሥራ አንድ ገጽ ማረጋገጫ ጻፈች። ረቂቁን ለአልጋነሽ ስታሳይ፣ ሰባተኛው ገጽ ላይ «ከታንከር የወጣ ውኃ ወደዚያው ታንከር አይመለስም» ከሚለው መስመር አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክት አድርጋ ነበር።

«እዚህ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ዶክተር።»

አልጋነሽ የዚያን ቀን ሠላሳ የፈተና ወረቀት ይጠብቃቸው ነበር። ረቂቁን በዓይናቸው ገረፍ አደረጉት። «ይሄማ ግልጽ ነው፤ የጥያቄ ምልክት ይዘሽ ሰሌዳ ፊት ልትቆሚ ነው? ‹ግልጽ ነው› በይና እለፊው።»

ውብርስት ምልክቱን አጠፋችው። ‹ግልጽ ነው› የሚሉት ቃል ስንት ጉድ እንደሚሸፍን አልጋነሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ለተማሪ አስተምረዋል። ለራሳቸው ግን ረሱት።

ሦስተኛው ሲራጅ ነው፤ ከኋላ ወንበር የማይነሳ፣ ዓመቱን ሙሉ ስለ ውኃው አንድ ቃል ያልተነፈሰ። ሐሙስ ዕለት ውብርስት የመጨረሻውን መስመር ጽፋ ጠመኔውን ስታስቀምጥ፣ ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ፣ እሱ ለጥያቄ አነሳ።

«ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለው፣ ለምንድን ነው ግልጽ የሆነው?»

ሲራጅ ወደ ሰሌዳው ወጥቶ ዞሮ ራሱ ላይ የሚገጥም ቧንቧ ሳለ። ውኃው ዞረና ወደ ታንከሩ ተመለሰ። አሥራ አንዱ ገጽ በአንድ ሥዕል ፈረሰ።

ውብርስት አልጋነሽን አንዴ አየቻቸው። አልጋነሽ ቀዩን የጥያቄ ምልክት አስታወሱ።

ሲራጅ አልተቀመጠም። ሩብ ሰዓት ያህል ሰሌዳው ላይ እየሳለ እየደመሰሰ ሠራ። ከዚያ ዞሮ የገጠመውን ቧንቧ በሐሳብ አንድ ቦታ ላይ ቆረጠው፣ ከቆረጠበት የቀረውን የውብርስትን ማረጋገጫ ሳይነካ አስኬደው። ቲዎረሙ ቆመ። ጭብጨባው ክፍሉን ሞላው፤ መዝገቡ ሲከፈት ግን ተቋረጠ።

«እኔ ባልጠይቅ ምን ታረጋግጡ ነበር?» አለ መኳንንት።

«ከአንድ ሰዓት በፊት ቲዎረም አልነበረም» አለ ሲራጅ። «አሁን አለ።»

«ሥራዬ ሰሌዳው ላይ ነው» አለች ውብርስት።

አልጋነሽ እስክሪብቶውን ያዙ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል፤ በሩ ዝግ ነው፤ ሃያ ሰው እጃቸውን ያያል። መኳንንትን ቢጽፉ፣ ገምቶ የተቀመጠ ሰው ለፍታ ካረጋገጠችው ሊበልጥ ነው። ሲራጅን ቢጽፉ፣ ልጅቷን በራሳቸው ቃል ቀበሯት ማለት ነው። ውብርስትን ቢጽፉ፣ ለራሳቸው ተማሪ አደሉ ይባላሉ፤ ያንን ለማስተባበል የቀዩን ምልክት ታሪክ መናገር አለባቸው። ከተናገሩስ? ከዚህ በኋላ «ትክክል ነው» ሲሉ ማን ያምናቸዋል? ደግሞስ ጉድለቱን መጠርጠር ጉድለቱን መሙላት ነው እንዴ? አፈሩ፤ ማፈራቸው ግን ስም አልጻፈላቸውም። ባዶውን ቢተዉት ደግሞ ሦስቱም ይቀራሉ።

አንድ ሰው ሰዓቱን አየ። አልጋነሽ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፤ ጫፉ ቀለም መትፋት ጀመረ።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች ያመጡትን ክርክር ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አንዳቸውም ከሌላው ጋር አልተስማሙም። እንግዲህ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ሦስቱም ፊት ለፊት እያዩአችሁ፣ የማንን ስም ትጽፋላችሁ?