ይርጋ በሰንበቴው ቤት በር ላይ

በእኛ አገር፣ የሚያውቁትን ሰው እንደ ባዳ የሚያስተናግድ ሲገኝ የሚተረትበት አባባል አለ። ብዙዎች ይስቁበታል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ግን እያለቁ ነው። እኔ ከአባቴ ነው የሰማሁት።

ድሮ በወይራ አምባ መንደር የምንጩን ውሃ በተራ የሚያከፋፍለውን የውሃ አባት ሰዉ በየዓመቱ በሰንበቴው ቤት ግቢ ተሰብስቦ፣ እጅ እያወጣ ይመርጥ ነበር። ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ ማንነትህን የሚጠይቅህ አልነበረም። ምን ያደርጋል፣ አንድ ዓመት ከወንዝ ማዶ የመጡ ሰዎች በግርግሩ ተቀላቅለው እጃቸውን አወጡና ዘመዳቸውን አስመረጡ። በዚያ በጋ ውሃው ወደ ማዶ ተጠለፈ፤ የወይራ አምባ ሽንኩርትና ጎመን እንደቆመ ደረቀ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ምርጫ «የቀበሌ መታወቂያ ያልያዘ አይገባም» ተባለ።

በሩን እንዲጠብቅ የተሰየመው ይርጋ የሚባል ሐቀኛ ጎልማሳ ነበር። የእሱም ጎመን ደርቆበታልና ሕጉን አጥብቆ ያዘ።

ረፋድ ላይ እማማ ደብሪቱ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ጓሯቸው ከቦዩ ጭራ ስለሆነ፣ ፍርድ የማያጓድል የውሃ አባት ካልተመረጠ ጠብታ አይደርሳቸውም። የይርጋ እናት ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ሞተውባት ነበርና፣ «ይኼኛውስ ይርጋ» ብለው ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው።

«መታወቂያ፣ እማማ።»

«ቀበሌው ሩቅ ነው፤ ጉልበቴ አላደርስ ብሎኝ አላወጣሁም። እኔ መሆኔን ታውቅ የለ?»

«አውቃለሁ። ግን እርስዎን ዝም ብዬ ባስገባ፣ የማዶውም ሰው ‹ታውቀኛለህ› ይለኛል። ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝና ሽማግሌዎቹን ልጠይቅ።»

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀና አሉና «ደብሪቱ እሸቴ» አሉት።

ይርጋ ገብቶ «ደብሪቱ እሸቴ የሚባሉ ሴት በር ላይ አሉ፤ የዚህ አገር ሰው ናቸው?» ሲል ጉባኤው ሁሉ ዞሮ አየው። የገዛ እናቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ያደረገው የገባው ያን ጊዜ ነው። ሮጦ ሲወጣ አሮጊቷ ቁልቁለቱን ይዘዋል፤ ደርሶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ሕጉስ ደግ ነው፤ ማዶዎቹ ምን እንዳደረጉን አይቻለሁ» አሉት። «ስሜን ስትጠይቀኝ ግን ሆዴ ባባ።»

ጉባኤው እስኪመለሱ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህም ወረቀት የሌለውን ሰው ጎረቤቱ ምሎ እንዲያስገባው ተስማሙ። የዚያን ቀን የተመረጠውም ሰው ውሃውን እስከ ቦዩ ጭራ አደረሰው። ዛሬ ቦዩ ሲሚንቶ ሆኗል፤ እነዚያ ሰዎችም የሉም። የቀረልን፣ ይርጋ አሮጊቷን ደግፎ በበሩ ሲያስገባ ያዩት ሽማግሌው አያ አድማሱ ለጎረቤታቸው ቀስ ብለው የተናገሩት ቃል ነው፦ «ስም ብታወጣለት፣ ስምሽ ማነው አላት።»